የይመር ሚስት ወደ ጂዳ ስትሄድ

ከጂዳ ከተመለስኩ ሦስት ወር አለፈኝ። ሰው ባገኘኝ ቁጥር «የመካው ሐረም እንዴት ነው? ዘሀራስ ባሏ ጋ ተመቻት ወይ?» ይለኛል፤ እኔም «አልሐምዱሊላህ» ብዬ አልፋለሁ። በአንድ አልሐምዱሊላህ የሚያልቅ ጉዞ ግን አልነበረም። ስለዚህ አገሩን ለማያዩት ዘመዶቼ ስል፣ ከመነሻው እስከ መመለሻው፣ የበላነውንም ያደርንበትንም ሳላስቀር ጻፍኩት። ስሞቹን ቀይሬያለሁ። ለምን እንደቀየርኩ አንባቢው ሲደርስበት ይገባዋል።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ዘሀራ የመጨረሻዋ እህቴ ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ። አባታችን ካረፈ ወዲህ ወሊዋ፣ የጋብቻ ኃላፊዋ፣ እኔ ነኝ። አምና ከሐይቅ በኩል አንድ ዘመድ ሽማግሌ ይዞ መጣና፣ ጂዳ አርባ ሁለት ዓመት የኖሩ፣ የዕቃ መጋዘን የሚያስተዳድሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሐጂ ይመር የሚባሉ ሰው ዘሀራን በሰርግ ቪዲዮ አይተው እንደፈለጓት ነገረን። ዕድሜያቸው ስልሳ አንድ ነው አለን። እኔ በልቤ ቀነስኩት፤ ሠላሳ አራት።

ዘሀራ ሳምንት አሰበችበት። ያኔ ለቤት ሠራተኝነት ልትሄድ ሥልጠናዋን ጨርሳ ፓስፖርት አውጥታ ነበር። «በመዳም ወረቀት ከምገባ በባል ወረቀት ልግባ» አለች። ኒካሁ በወኪል ታሰረ። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ወረቀት ነው፤ ማስተርጎም፣ ማኅተም፣ እንደገና ማስተርጎም። አዲስ አበባ ጉዳዩን የያዘልን ጸሐፊ ሁለቱን የትውልድ ቀኖች ጎን ለጎን አድርጎ አየና ወደ ጥግ ወስዶኝ «መምህር፣ በፈቃዷ ነው?» አለኝ። «በፈቃዷ ነው» አልኩት። እውነት ነበር። ያልተናገርኩት ሌላ ነው። ሐጂ የላኩልን ፎቶ በስልክ የተነሣ የወረቀት ፎቶ ነበር፤ ጥጉ ላይ የመብራት ነጸብራቅ አለበት። ሰውየው አሁን ያንን ፎቶ እንደማይመስሉ ያኔውኑ ገብቶኛል። ለዘሀራ ግን ምንም አላልኳትም።

ቪዛዋ በሚስትነት ወጣ። እኔ በዑምራ ቪዛ እንድሸኛት ሐጂ ራሳቸው ጨረሱልኝ።

እሑድ

እናታችን በር ላይ ዱዓ አድርጋልን ጎህ ሲቀድ ከኮምቦልቻ ተነሣን። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ነበር የሚነዳው። ደብረ ብርሃን ሻይ በፓስቲ ቀመስን፤ ዘሀራ ፓስቲዋን ይዛው ቀረች እንጂ አልበላችውም።

አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ያዝን። ስንገባ አንደኛው አልጋ አንድ እግሩ የለም፤ በጡብ ነው የቆመው። ስቀመጥበት ጡቡ ሸሸና ወለል ላይ ተዘረጋሁ። ዘሀራ ከቤት ከወጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ሴትዮ ድምፁን ሰምተው መጡና የራሳቸውን ፍራሽ አውርደው አነጠፉልኝ። «ሙሽራ እየሸኘህ ወገብህ አይሰበር» አሉኝ። ሙሽራ መሆኗን አልነገርናቸውም ነበር። የእጇን ሂና አይተው ይሆናል።

ሰኞ

አውሮፕላኑ ውስጥ ከፊታችን ያሉት ሦስት ረድፎች አንድ ዓይነት ሻርፕ የለበሱ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ለሥራ የሚሄዱ። ጂዳ ስንደርስ እነሱን ለብቻ አሰለፏቸው፤ አሠሪ እስኪመጣላቸው ግድግዳ ተደግፈው ወለል ላይ ተቀመጡ። እኛ በሌላው መስመር አለፍን። ዘሀራ ዞር ዞር እያለች ታያቸው ነበር። ፓስፖርት ተቀባዩ ወጣት ወረቀቷን አይቶ እሷን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ማኅተሙን መታ።

በሩ ላይ «መምህር ሰይድ» ተብሎ በአማርኛ የተጻፈ ካርቶን የያዘ ሰው ቆሟል። ግርማ ይባላል፤ የደብረ ማርቆስ ሰው ነው፤ በሐጂ መጋዘን ሾፌር ከሆነ አሥራ አንድ ዓመቱ። «ሐጂ ለሥራ ያንቡዕ ሄደዋል፤ ሌላ ከተማ ነው፤ ራቅ ይላል» አለን። «መካ ላይ አገኛቸዋለሁ ብለዋል።» ዘሀራ ባሏ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል ብላ ሽቶ ተቀብታ ነበር።

ከአዳራሹ ስንወጣ ሙቀቱ ደረቴን ገፋኝ። ባቲ ገበያ በቀትር ቆሜ አውቃለሁ፤ ባቲ ግን ላብህ ይደርቅልሃል፣ እዚህ አየሩ ራሱ ያላበው ነው። ወደ መኪናው ስንሄድ የዘሀራ ሻንጣ እጀታው ተገንጥሎ እጇ ላይ ቀረ። ወዲያው የግርማ ስልክ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ሻንጣዋ እጀታው ተሰብሯል» አለ የሽማግሌ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ። «ከሥሩ ደግፈህ አንሣላት።»

ስልኩ ተዘጋ። እኔና ዘሀራ ተያየን። ዙሪያችን በመቶ የሚቆጠር መኪና ቆሟል፤ መስታወታቸው ሁሉ ጥቁር ነው። ግርማ ሻንጣውን ከሥሩ ደግፎ አነሣና ቀና ብሎ ሳያየን ጫነው።

ቤቱ ጃሚዓ በሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ሱቁ በአማርኛ ስም አለው፤ በርበሬም ሽሮም ይሸጣል። መንገዱ ላይ ትግርኛና ኦሮምኛ ሲነገር ትሰማለህ፤ ሕፃናቱ ግን የሚጫወቱት በዐረብኛ ነው። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ አልጋው አዲስ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ለዘሀራ የተገዙ ልብሶች ተሰቅለዋል። ከሥራቸው ነጠላ ጫማ አለ። ለካችው፤ ልክ መጣ።

«ቁጥሬን ነግረህ ነበር ጋሼ?»

«አልነገርኩም።»

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አራት ምስማሮች አሉ፤ ከሥራቸው ቀለሙ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን ቦታ ቀርቷል። የተሰቀለው ነገር የወረደው በቅርቡ ነው። ማድቤት ጠረጴዛ ላይ ሩዝ በዓሣ ተከድኖ ተቀምጧል። ክዳኑን ስናነሣ እንፋሎቱ ወጣ።

ማክሰኞ

ግርማ ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ የሚያስፈልገውን ምርመራ ለማስጨረስ ዘሀራን ወደ ክሊኒክ ወሰዳት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ደምና ራጅ ነው። ጥበቃው ረጅም ቢሆንም ወንበሩ ለስላሳ፣ ክፍሉ ብርዳም፤ ደሴ ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ወረፋ የጠበቅኩባቸው ቀናት ትዝ አሉኝ። አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ ዘሀራ ፊቷን ስታዞር አይታ መርፌውን ከመውጋቷ በፊት ከረሜላ ሰጠቻት።

ወደ ቤት ስንመለስ ቁልፉን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጠረጴዛው ላይ ገንፎ አለ። የገብስ ገንፎ፣ መሃሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ፈስሶበት፣ ቅቤው ገና አልረጋም።

ግርማን አየሁት። ከጠዋት ጀምሮ ከእኛ አልተለየም። «ማነው የሚሠራው?» አልኩት።

«ሰው አለ» አለና የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ማገላበጥ ጀመረ። «ይብሉ መምህር፤ ይቀዘቅዛል።»

ጓል የሌለው ገንፎ ነበር። በላነው፤ ከራበን ሌላ ምን ይደረጋል?  ዙሁርን ልሰግድ ወደ ጓዳ ገብቼ የተዘረጋውን ሰጋጃ ስረግጥ እግሬን ቀዘቀዘኝ። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት። ግንባር የሚያርፍበት ቦታ ረጥቧል፤ ጉልበት የሚያርፍበትም። አንድ ሰው ውዱእ አድርጎ፣ ሳይደርቅ፣ እዚህ ሰግዶ ከወጣ ብዙም አልቆየም።

ከዐስር ሶላት በኋላ ግርማ ሄዶ ብቻችንን ነበርን። የዘሀራ ስልክ ጮኸ፤ ሐጂ ናቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችልኝ።

«መርፌው አመመሽ?»

«ትንሽ። ከረሜላ ሰጡኝ።»

«አውቃለሁ» አሉና አሳላቸው። ደረቅ፣ ረጅም ሳል ነው፤ መጨረሻው ላይ እንደ መሰንጠቅ ይላል።

ዘሀራ ከግድግዳው ላይ ብድግ አለች። እኔም ሰምቻለሁ። ሳሉ ከስልኩ ወጣ፤ ከግድግዳውም ወጣ፤ እኩል።

መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። «ሐጂ፣ የት ነዎት?» አለች።

«ያንቡዕ ነኝ» አለ ስልኩ። ግድግዳውም፣ ትንሽ ዝግ ብሎ፣ «ያንቡዕ ነኝ» አለ።

ወጥቼ የጎረቤቱን በር አንኳኳሁ። ከውስጥ እግር ሲጎተት ሰማሁ። የበሩ መሃል ላይ ያለችው ትንሿ የመስታወት ዓይን ብርሃን ነበረባት፤ ጠቆረች። በሩ አልተከፈተም። ተመልሼ ስገባ ዘሀራ አሁንም መዳፏን ከግድግዳው ላይ አላነሣችም።

«ይሞቃል» አለችኝ። «እዚያም በኩል እጅ ያለ ይመስላል።»

ረቡዕ

ግርማ ሲመጣ ነገሩን ፊት ለፊት ጠየቅኩት። «ጎረቤቱ ለእረፍት አገሩ ገብቷል፤ ቤቱ ባዶ ነው» አለኝ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር፤ እሱ ግን ላብ በላብ የሆነ ሰው ነውና በዚያ አልፈረድኩበትም።

ከኮምቦልቻ ያመጣነውን ጥቅል ለአንዲት ጎረቤታችን ልጅ ለማድረስ ወደ ሩዋይስ ወሰደን። አሮጌ ሰፈር ነው፤ መንገዱ ጠባብ፣ ቤቱ እርስ በርሱ የተደጋገፈ፤ ፒያሳ ጀርባ ያሉትን ሰፈሮች ቢመስልም ሽታው የባሕር ነው። ልጅቷ፣ ለይላ፣ ከስድስት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ትኖራለች። እጇ እስከ ክርኗ ነጭ በነጭ ተላልጧል፤ የቤት ማጽጃው ነው። ጥቅሉ ውስጥ ያለውን ሽሮ አሽትታ አለቀሰችና፣ ከዚያ ያላትን አንድ ጣሳ ለስላሳ ለሦስታችን ቀዳችልን።

«መዳሜ አራት ዓመት ፓስፖርቴን ያዘችው» አለች ለዘሀራ። «ኸላስ ብዬ ወጣሁ፤ ኢቃማዬ ተቃጠለ፤ ያለ ወረቀት ቀረሁ። አሁን ፖሊስ ሳይ በሌላ መንገድ እዞራለሁ። አንቺ በባል ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

«ያዢው። ምንም ይሁን፣ ኢቃማሽን ያዢ።» ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ደግሞ ባልሽ እንዴት ነው?» አለች።

ዘሀራ «አላየሁትም» ስትል ሴቶቹ ሁሉ ቀና አሉ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ መልእክት ገባ። የዘሀራ ኢቃማ ወጥቷል፤ ስሟ፣ ፎቶዋ፣ ከሥሩም «የይመር ሚስት»። ደስ ሊለን ይገባ ነበር።

ሐሙስ

ኢሕራም አድርገን፣ እኔም ሁለቱን ነጭ ጨርቅ ለብሼ፣ ወደ መካ ጉዞ ጀመርን። መንገዱ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ነው፤ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን ጠመዝማዛ ለለመድኩት ለእኔ ለጥ ማለቱ ራሱ እንግዳ ነገር ሆነብኝ። ከበስተኋላችን አንድ ነጭ መኪና ነበር። ስንዘገይ ይዘገያል።

ሙስሊም ያልሆነ ሰው ከማያልፍበት ኬላ በፊት ግርማ ዳር ያዘ። እሱ ክርስቲያን ነው፤ ከዚያ ወዲያ በሌላ ታክሲ ነው የምንሄደው። ዕቃችንን አውርዶ፣ ለእኔ ውኃ፣ ለዘሀራ ተምር ገዝቶ ሰጠን። ታክሲው ሊነሣ ሲል ክንዴን ያዘኝ።

«መምህር፣ እንጀራዬ ነውና እስካሁን ዝም አልኩ። ከዚህ በላይ ግን አብሬያችሁ የለሁም። ሐጂ ያንቡዕ አልሄዱም። ከኤርፖርት ጀምሮ ከእናንተ አልተለዩም።»

«ለምን?»

«እሳቸው ይንገሯችሁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ በልጆቼ እምልልዎታለሁ።»

ወደ ኋላ ዞር ስል ነጩ መኪና ኬላውን አልፎ ሄዷል።

መካ ያረፍነው ሚስፈላ ውስጥ ነው፤ ከሐረሙ በእግር የሚደረስ፣ ሆቴሉና ሱቁ የተጠጋጋበት ሰፈር። አሳንሰሩ ውስጥ ከናይጄሪያውያን እናቶች ጋር ተጣበን ስንወጣ አንዷ የዘሀራን ጉንጭ ዳብሳ በቋንቋዋ መረቀቻት። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሁለት አልጋ፣ በመስኮት የሌላ ሆቴል ግድግዳ። ከዐስር ሶላት በኋላ ካዕባን ለመዞር፣ ለጠዋፍ፣ ወረድን።

ስለ ካዕባ ብዙ የተጻፈ አለና እኔ የምጨምረው የለኝም። ግን እውነቱን ልናገር፤ ስዞር ልቤ ሙሉ በሙሉ እዚያ አልነበረም። ወንዱ ሁሉ ሁለት ነጭ ጨርቅ ነው የለበሰው። ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር እሳቸው ይሆኑ እላለሁ። አራተኛው ዙር ላይ ዘሀራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አንድ ሰው ከኋላዬ ያለው ዱዓ ላይ ስሜን እየጠራ ነው» አለችኝ። ስዞር ከኋላዋ የነበሩት ሠላሳም አርባም ነበሩ፤ ከንፈራቸው ሁሉ ይንቀሳቀሳል።

ጁሙዓ

ከዐስር ሶላት ስንወጣ ነጠላ ጫማዬ ካስቀመጥኩበት የለም። ነጩ እብነ በረድ ፀሐይ ላይም ቀዝቃዛ ነው፤ እሱ ሲያልቅ ግን አስፋልቱ ምጣድ ነው። አንድ ሁለት እርምጃ ሄጄ እየዘለልኩ ተመለስኩ። ዘሀራ ልትስቅብኝ ጀምራ ነበር።

ከጎን በኩል አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ መጡ። ምንም ሳይሉ የራሳቸውን ጫማ አውልቀው እግሬ ሥር አስቀመጡና በባዶ እግራቸው አስፋልቱ ላይ ሄዱ። ሦስት አራት እርምጃ እንደሄዱ አሳላቸው። ደረቅ፣ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ የሚሰነጠቅ።

«ሐጂ ይመር!» አለች ዘሀራ።

አልዞሩም።

«ሐጂ ይመር!»

ቆሙ። ጀርባቸውን እንደሰጡን «ይመር ሞቷል» አሉ። «ይመር ከሞተ አርባ ሁለት ዓመት አለፈው።»



ከዚያ ዞሩ። የፎቶው ፊት ነበር፤ ግን ሥጋው ሁሉ ሄዶበት። እንባቸው ጺማቸው ላይ ወርዷል። ዘሀራ ወደ እብነ በረዱ እንዲመለሱ በእጇ ጠራቻቸው፤ እግራቸው እየተቃጠለ ነበር። ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ እሷ መሃል።

«አሕመድ ነኝ። ይመር ታናሽ ወንድሜ ነበር» አሉ። «እዚህ ለመምጣት ፓስፖርት አውጥቶ፣ ቪዛ ተመትቶለት፣ ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው ወባ ገደለው። በመልክ አንድ ነበርን። እኔ ወረቀትም ሥራም አልነበረኝም። አፈሩ ሳይደርቅ በስሙ ተሳፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ደመወዙ የሱ ነው፣ ኢቃማው የሱ ነው፣ ሐጅ እንኳ ያደረግኩት በሱ ስም ነው። የመጀመሪያዋ ሚስቴም ይመር ብላ እየጠራችኝ ሞተች፤ አልነገርኳትም።»

«እኔንስ?» አለች ዘሀራ።

«አንቺን በሐሰት ስም በር ላይ ቆሜ መቀበል አፈርኩ። መካ ላይ፣ እዚህ ቆሜ እነግራታለሁ ብዬ ተሳልኩ። ከዚያ ፊትሽን ሳይ መንገሩን ፈራሁ።»

«አምስት ቀን ከግድግዳ ጀርባ?»

«ምግብሽን እየሠራሁ።»

ረጅም ጊዜ አየቻቸው። «ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ሰባ ሁለት።»

እንደገና ቀነስኩ፤ አርባ አምስት። ስቀንስ ከንፈሬ ተንቀሳቅሶ ይሆናል፤ ዘሀራ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ አንተ ታውቅ ነበር?»

«ስሙን አላውቅም። ፎቶው የድሮ መሆኑን ግን አውቄ ነበር።»

እሳቸውን ካየችው የበለጠ እኔን አየችኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ አላናገረችኝም።

ቅዳሜ

ሚስፈላ ውስጥ በአንድ የጨርቅ ሱቅ ፎቅ ላይ የሚያስተምሩ የወሎ ሼኽ አሉ፤ ጠዋት ሦስታችንም ሄድን። ጉዳዩን ሰምተው ጨረሱ።

«ኒካሁ የታሰረው ወኪል ለላከው ሰው ነው፤ ሰውየውም ይኸው አለ» አሉ። «ማታለል ግን አለበት። ስለዚህ ምርጫው የልጅቱ ነው። ብትተወው ማንም አይወቅሳትም።»

ሐጂ ስልካቸውን አውጥተው ከፈቱና ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። ሚስትን ከአገር የማስወጣት ፈቃድ በባል ስልክ ነው የሚሰጠው። «እዚች ላይ መጫን ነው» አሏት። «ነገ ከወንድምሽ ጋር ትሄጃለሽ።»

«እንመለስ» አልኳት። «ጥፋቱ የኔ ነው። ቤትሽ ነው።»

«ተመልሼ የት ልገባ ጋሼ? ዓመት ሳይሞላኝ በመዳም ወረቀት ነው የምመለሰው። የለይላን እጅ አላየህም?» ድምፅዋ አልተናወጠም። «እሳቸው ዘግይተውም ቢሆን ሳልጠይቃቸው ስማቸውን ነገሩኝ። አንተ ባልጠይቅህ ኖሮ አትነግረኝም ነበር።»

 

ስልኩን አልተጫነችውም፤ አልመለሰችውም። «ይህ ስልክ በሁለታችን እጅ ይሁን» አለቻቸው። «መሄድ በፈለግኩ ቀን አልለምንም። ኒካሁም በራስዎ ስም ይታሰር። ከእንግዲህ ደግሞ እኔ ካለሁበት ክፍል ውጭ ሆነው አያዳምጡኝ።»

«እሺ» አሉ፤ «እሺ፣ እሺ።»

ሼኹ አዲሱን ኒካሕ ሊያስሩ ተቀመጡ። እኔ እጄን ሰጠሁ። «ስምህ ማነው?» አሏቸው ሐጂን።

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ። «ይመ…» ብለው ቆሙ። ከንፈራቸው ስሙን ሊያወጣ ሲታገል ሁላችንም አየን። ዘሀራ እጇን ዘርግታ ክንዳቸውን ነካች። ባሏን ስትነካ ያ የመጀመሪያው ነው።

«አሕመድ» አሉ።

ከዚያ የታችኛው ሱቅ ባለቤት፣ አንድ የየመን ሐድረመውት ሰው፣ ስለ እኛ ምንም ሳያውቁ ጋበዙንና ሥጋ በሩዝ በላን። አሕመድ ሥጋውን እየቆረጡ ወደ ዘሀራ በኩል ይገፉ ነበር። ዘሀራም በላች። ከኮምቦልቻ ከወጣን ጠግባ ስትበላ ያየኋት ያኔ ነው።

እሑድ

ግርማ ከኬላው ወዲህ ጠብቆ ተቀበለንና ወደ ኤርፖርት ነዳ። ሐጂ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። መንገድ ላይ «መምህር፣ እንግዲህ ምን ብዬ ልጥራቸው?» ብሎ በመስታወቱ እያየኝ በዝግታ ጠየቀኝ።

ሐጂ ሰሙ። «መጋዘን ውስጥ ይመር በለኝ» አሉ። «ቤት ስትመጣ አሕመድ።»

መሰነባበቻው ላይ ዘሀራ አንገቴን አቅፋ ቆየች። ይቅር አልኩህ አላለችኝም፤ ሻንጣዬን ግን ራሷ አስተካክላ አሰረችልኝ። በአላህ ፊት የአሕመድ ሚስት ናት። በየመሥሪያ ቤቱ ሲጠይቋት፣ ሆስፒታል ስትገባ፣ ልጅ ብትወልድ ልጁ ሲመዘገብ፣ የይመር ሚስት ነኝ ማለት አለባት። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ባሕሩ እስኪያልቅ ይህንን ሳስብ ነበር።

ኮምቦልቻ የደረስኩት ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። እናቴ ዘምዘሙን ተቀብላ፣ ቢስሚላህ ብላ ጎንጨት አለችና ከጎኔ ተቀመጠች። በመንገድ ላይ ወስኜ ነበር፤ ለእሷ የምነግራት ደጉን ደጉን ብቻ ነው። ስለ ቤቱ ስፋት፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሐረሙ አወራኋት። «ሐጂ ይመርም ሰላም ብለውሻል» አልኳት።

ብርጭቆውን አስቀመጠች። «የቱ ነው?» አለች።

«ምኑ የቱ?»

«ከወንድማማቾቹ የቱ ነው? አሕመድ ነው አይደል?»

ውጭ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል።

«እማ፣ ታውቂ ነበር?»

«ሽማግሌ የላኩ ቀን አወቅሁ። ይመር ሲቀበር ሐይቅ ነበርኩ፤ ለቅሶ ሄጄ።»

«ታዲያ ለዘሀራ ለምን አልነገርሻትም?»

«አሕመድ ደግ ሰው ነበር» አለች። «ስሙ ምን ያደርጋል ብዬ ነው።» ብርጭቆውን እንደገና አነሣች። «አንተም እኮ ነበርክ፣ በጀርባዬ አዝዬህ። ዓመትህ ነው። ጀናዛው በፊታችን ሲያልፍ እጅህን ዘርግተህ የተሸፈነበትን ጨርቅ ያዝክ። አልለቅም አልክ። ሰዎቹ ቆሙልን፤ ጣቶችህን አንድ በአንድ ነው ያስለቀቅኩህ።»